ዘሩን የቆላው ጃርት

ተረት ልጀምር ነው። የሚያዛጋ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ ብድር ያለበት ወደ ፊት ይጠጋ። ማንም ካልተጠጋ ሁላችሁም አለባችሁ ማለት ነው፤ እኔ እንደሆነ ፊታችሁን አይቼ አውቃለሁ።

እንግዲህ ድሮ ነው። እንስሳት ሁሉ አራሽ የነበሩበት፣ ዛፉም ገደሉም አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በአንድ የጥቁር አፈር ሜዳ ዳር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ጃርት ሰነፍ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ባለ ዕዳ ሲባል ሁሉ ሰነፍ የሚመስላችሁ ስላላችሁ ነው። መሬት መቆፈር ከተባለ ከእሱ የሚስተካከል አልነበረም። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ፈሪ ነው። ሲፈራ ደግሞ የጀርባው እሾህ ሁሉ ይቆምና ሽክሽክ፣ ሽክሽክ ይላል። ሌላው ፍርሃቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል፤ የጃርት ፍርሃት ግን ከጃርት ቀድሞ ይሰማል።

አንድ ዓመት ክፉ ዘመን መጣ። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ሄደ። የጃርት ጎተራ ተጠርጎ ባዶውን ቀረ። መስከረም ሆነ፤ ጥቁሩ አፈር ገና እርጥብ ነው፤ ሽምብራ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል፤ ዘር ግን የለም። በዚያ አገር የተረፈ ዘር ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አያ ጅቦ ነው። አርሶ ሳይሆን አስፈራርቶ ነው የሰበሰበው የሚሉ ነበሩ። ፊት ለፊት ደፍሮ የነገረው ግን አልነበረም።

ጃርት አሰበ፤ አሰበና አማራጭ ሲያጣ በማለዳ ተነሥቶ ወደ አያ ጅቦ ደጅ ሄደ። እሾሁ መንገዱን ሁሉ ሽክሽክ ይላል። ከደጁ ቆሞ፣ "አያ ጅቦ፣ እንደምን አደሩ?" አለ።

አያ ጅቦ ወጥቶ አየው። ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀው። ጃርትም ችግሩን አስረዳ። አያ ጅቦ አንድ ስልቻ የሽምብራ ዘር ሊያበድረው፣ ጃርትም በጥር አጭዶ ወቅቶ አንድ ስልቻ ተኩል ሊመልስ ተስማሙ።

"ዋስ አለህ?" አለ አያ ጅቦ።

ዋስ የሆነችው እትዬ ኤሊ ናት። እትዬ ኤሊ የጃርት ጎረቤት ነች፤ ነገር አታበዛም። "እሱ ቢጠፋ እኔ አለሁ" አለች። "እኔ የትም አልጠፋም፤ ብፈልግስ በየትኛው እግሬ?"

በዚያ አገር ዋስ መሆን ቀልድ አልነበረም። ባለ ዕዳ ከጠፋ ዋሱ በእሱ ምትክ ቁራኛ ይሆናል። ቁራኛ ማለት፣ ለማታውቁት፣ አበዳሪና ባለ ዕዳ እግር ለእግር በአንድ ጠፍር ታስረው ዕዳው እስኪያልቅ አብረው የሚኖሩበት ፍርድ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይሄዳል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይተኛል። አሁን እናንተው አስቡት፤ ኤሊ ከጅብ ጋር ብትታሰር ምን ይተርፋታል? አያ ጅቦ ሲሮጥ በድንጋይ ላይ ተጎትታ፣ ተጎትታ ታልቃለች። ጃርትም ይህን ያውቅ ነበርና፣ "እትዬ፣ እኔ እያለሁ እርስዎን ምንም አይነካዎት" ብሎ ማለ። ሲምል ደግሞ ከልቡ ነበር። የሚምል ሁሉ ሲምል ከልቡ ነው።

ጃርት ስልቻውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ስልቻው የፍየል ቆዳ ነው። ፍየሏ በሕይወቷ ሳለች ነገረኛ ነበረች አሉ፤ ተገፍፋም አልተወችም። የስልቻው አንገት ላይ የአያ ጅቦ ጥርስ ምልክት ነበረበት፤ የማን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።

ማግሥቱን ሊዘራ አሰበ። ማታውን ግን ሆዱ ጮኸ። እጁን ሰደድ አደረገና አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጣ። "ይሄ ትል የነካው ነው፤ ቢዘራም አይበቅል" አለና ቆልቶ በላው። ስልቻው፣ "ምነው ቀለልኩ?" አለ። ጃርት ማኘኩን ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን ዘሩን ወደ ማሳው አወጣው፤ ማሳውን አየ፤ ስልቻውን አየ። "ማሳው ጠባብ ነው፤ ዘር ይበዛበትና ይታነቃል" አለና ሳይዘራ መልሶ ወስዶ ግማሹን ቆልቶ በላው። ስልቻው፣ "ምነው ሆዴ ጎደለ?" አለ። ጃርት የስልቻውን አንገት ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

በሦስተኛው ቀን ምክንያት መፈለጉንም ተወው። ቆላ፣ በላ፤ ቆላ፣ በላ። ስልቻውም ምንም ሳይል መሬት ላይ ተዘረረ። ጃርት ደንግጦ እጁን ቢሰድ ከጥጉ አንዲት እፍኝ ቀርታለች። እሷን ይዞ ወጥቶ በማሳው ጠርዝ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል ብቻ ዘራት። ስትበቅል መንገደኛው ሁሉ፣ "የጃርት ሽምብራ እንዴት ያምራል" እያለ ያልፍ ጀመር። ይህን በሰማ ቁጥር ጃርት እህል አልዋጥልህ አለው።

የገበሬ ልጆች ናችሁ፤ ዘር መብላት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጦሙን ያደረ ሰው ያሳዝናል፤ ዘር የበላ ሰው ግን ስሙ አይነሣም። ጃርትን ከዕዳው ይልቅ ያንቀጠቀጠው ይሄ ነበር።

ጥር ደረሰ። አያ ጅቦ በመንገድ ሲያልፍ ከሩቅ ቆሞ ሽምብራው እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ጃርት ገና እሸት ነው አለው። አያ ጅቦ ሰንብቶ ተመልሶ መጣ። ጃርት እየደረቀ ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ጃርት መንገዱን ከሩቅ እያየ፣ የአያ ጅቦ ጥላ ብቅ ሲል በሌላ በኩል መዞር ጀመረ። ገበያ መሄድ ቀረ። ለቅሶ መድረስ ቀረ። የእትዬ ኤሊ ደጅ እንኳ አስፈራው፤ ሰላም ብትለው ምን ይመልሳል?

አንድ ጠዋት ከማሳው በኩል አንካሳ የመሰለ እርምጃ ሰማ። የአያ ጅቦ አረማመድ ነው። ጃርት ባዶውን ስልቻ ብድግ አድርጎ፣ እዚያ ጥሎት ቢሄድ የሚመሰክርበት መስሎት፣ በጓሮ በኩል ሸሸ።

መጀመሪያ የሸሸው ወደ ገደሉ ነው። ከገደሉ ሥር ዋሻ አገኘና ገብቶ ጥጉ ላይ ተኮራመተ። ልቡ ትንሽ ሲረጋ ለራሱ በሹክሹክታ፣ "እዚህ ማንም አያገኘኝም" አለ።

"እዚህ ማንም አያገኘኝም" አለ የገደል ማሚቶ።

ጃርት ክው አለ። "ዝም በል፤ አያ ጅቦ ይሰማሃል" አለው።

"አያ ጅቦ ይሰማሃል፣ ይሰማሃል፣ ይሰማሃል" አለ ገደሉ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ሸለቆው ሁሉ እስኪሰማ። ጃርት አፉን በሁለት እጁ ያዘ። አሁን ደግሞ እሾሁ ተነሣ፤ ሽክሽክ አለ፤ ገደሉም ሽክሽኩን ተቀብሎ እጥፍ አድርጎ መለሰው።

"ምን ታደርገዋለህ" አለ ስልቻው። "ገደል የሰጡትን ሳያሳድር ይመልሳል። እንዳንተ አይደለም።"

ከላይ የድንጋይ መንከባለል ተሰማ። ጃርት ወጥቶ ሮጠ።

ሁለተኛ የሸሸው ወደ ወንዙ ነው። ወንዙ ዳር ሸምበቆ በቅሏል። ደብቂኝ አላት። ሸምበቆዋ ነፃ ነገር አትወድም፤ ምን ትከፍለኛለህ አለችው። ጃርትም በሚመጣው ክረምት ሥሯ ላይ የተከመረውን ደለል ሊቆፍርላት ቃል ገባ። ይኸው እንግዲህ፣ አንዱን ዕዳ ሸሽቶ ሁለተኛ ዕዳ ገባ። መሸሸጊያም ዋጋ አለው።

ጃርት በሸምበቆው መሀል ተኝቶ ማየት ጀመረ። ሽመላ ውኃ ልትጠጣ ስታጎነብስ አያ ጅቦ መሰለችው። ግንድ ተንሳፎ ሲመጣ አያ ጅቦ መሰለው። የደመና ጥላ በውኃው ላይ ሲያልፍ እሱም አያ ጅቦ መሰለው። ሲጠብቅ ውሎ ዓይኑ ደከመ። በመጨረሻ እውነተኛው አያ ጅቦ መጣ። ውኃ ሊጠጣ አንገቱን ደፋ። ያኔ የጃርት እሾህ ሽክሽክ፣ ሽክሽክ አለ።

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። ነፋስ የለም፤ ቅጠልም አይነቃነቅም፤ ምን ይሆን የሚንሿሿው ብሎ ወደ ሸምበቆው አንድ እርምጃ ሄደ። ጃርት አላስችለው አለና በሌላው በኩል ፈትልኮ ወጣ። ሸምበቆዋም ከኋላው፣ "ደለሉን እንዳትረሳ፣ ጃርት" ብላ ስሙን ጠርታ አስታወሰችው።

ሦስተኛ የሸሸው ከመሬት በታች ነው። የፍልፈልን ጉድጓድ አገኘና ከነስልቻው ዘው ብሎ ገባ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ አየሩ የአፈር ሽታ ብቻ ነው። ፍልፈል በድምፁ አወቀው። ማደር ትችላለህ፣ ከምትቆፍረው ሥር ሁሉ ግማሹ ግን የኔ ነው አለው። ጃርትም እሺ አለ፤ ሦስተኛ ዕዳ ሆነ።

እዚያ ማንም አያይም። ማንም አይሰማም። ጃርት አሁን አመለጥኩ አለ። ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ከላይ ኮሽታ በተሰማ ቁጥር ይነቃል፤ ኮሽታ ሲጠፋ ደግሞ ለምን ጠፋ ብሎ ይነቃል።

ፍልፈል መሬትን የሚያዳምጥ ነው፤ ከላይ የሚሄደውን ሁሉ በእርምጃው ያውቃል። አንድ ቀን ጆሮውን ከግድግዳው አስጠግቶ ቆየና፣ ኤሊ ወደ ዋርካው እየሄደች ነው አለ። ከኋላዋ ደግሞ የጅብ ኮቴ አለ።

ጃርት ደነገጠ። ዋርካው የአገሩ ዳኛ ነው፤ ወደ ዋርካው የሚኬደው ለፍርድ ብቻ ነው። "ምን ልትሆን?" አለ፣ እያወቀው።

"ጅቡ ከሷል። ባለ ዕዳው ጠፍቷል፣ ዋሱ ቀርባለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ይታሰራሉ ሲባል ሰምቻለሁ" አለ ፍልፈል፤ እንደ ቀላል ነገር።

ጃርት ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። ብወጣ ይበላኛል አለ። ፍልፈልም ሥሩን እያኘከ፣ "እኔም ያኔ እንደዚያ ብዬ ነበር" አለ።

"አንተም ተደብቀህ ነው?"

"ለጥቂት ቀን ብዬ ነበር የገባሁት።"

"ከማን ነው የተደበቅኸው?"

ፍልፈል ማኘኩን አቆመ። "ረሳሁት" አለ።

"ምን ነበር የወሰድክበት?"

"እሱንም ረሳሁት። ብዙ አልነበረም መሰለኝ። ስገባ ዓይን ነበረኝ፤ እሱን አልረሳሁም።"

ጃርት፣ "አበዳሪህስ አሁን አለ?" አለው።

"እርምጃው ከላይ ከተሰማኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሳይሞት አይቀርም" አለ ፍልፈል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ማን ያውቃል። ጸጥ ብሎ ቆሞ እየጠበቀኝ ቢሆንስ?"

ጃርት እጁን አንሥቶ ዓይኑ ፊት አመጣው። አልታየውም። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ አሁንም አልታየውም። ያን ጊዜ ከአያ ጅቦ የባሰ ፍርሃት ያዘው። እትዬ ኤሊ በድንጋይ ላይ ስትጎተት ታየችው፤ ዓይኑ እጁን ማየት ያቃተው ይሄን ግን አጥርቶ አየ። ስልቻውን አንሥቶ፣ አፈሩን በጀርባው እየገፋ ወጣ።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ደርሳለች። ጃርት በመንገዱ እየሮጠ የሚለውን ያዘጋጅ ጀመር።

"በረዶ መታብኝ እላለሁ" አለ።

"የጎረቤትህ ማሳ ምነው አልተመታ ይሉሃል" አለ ስልቻው።

"አይጥ በላብኝ እላለሁ።"

"አይጦቹ እዚያው ችሎት ላይ ናቸው፤ ተነሥተው ይጠይቁሃል።"

"ሌባ ሰረቀኝ እላለሁ።"

ስልቻው በዚህኛው ሳቀበት። "ሌባውን አውቀዋለሁ" አለ። "ዘሩን ያወጣው ከእኔው ሆድ ነው።"

ጃርት ሦስት ጊዜ ቆመ። አንዴ ወደ ወንዙ ዞረ፤ አንዴ ወደ ገደሉ ዞረ፤ አንዴም ዝም ብሎ መንገድ መሀል ተቀመጠ። በመጨረሻ ምን እንዳስነሣው ራሱም አላወቀውም፤ ብቻ ተነሣ።

ከዋርካው ሥር አገር ምድሩ ተሰብስቧል። ዋርካው ቅርንጫፉን ዘርግቶ ተሰይሟል። አያ ጅቦ ቆሟል። ጠፍሩ በአያ ጅቦ እግር ታስሮ ሌላው ጫፍ በእትዬ ኤሊ እግር ሊቋጠር ነው። እትዬ ኤሊ አትለምንም፣ አታለቅስም፤ አንገቷን ወደ መንገዱ አውጥታ ታያለች። ጃርትን ሳትጠብቅ አልቀረችም፤ እኔ እንደዚያ ይመስለኛል።

ሽክሽክ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞሮ አየ።

ጃርት በሕዝቡ መሀል አልፎ ከዋርካው ፊት ቆመ። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው። ባዶውን ስልቻ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ "ዘሩን በላሁት" አለ።

ሁሉም ባዶውን ስልቻ አየ።

"አልዘራሁትም። ቆልቼ በላሁት። መንገድ ዳር የበቀለው እናንተ እንድታዩት ነው፤ ከኋላው ባዶ መሬት ነው። ዋሴን ፍቱልኝ፤ ባለ ዕዳው እኔ ነኝ።"

ከወዲያም ከወዲህም ማጉረምረም ተነሣ። ዘር በላ፣ ዘር በላ ሲባል ጃርት ሰማ። ይህን እንዳይሰማ ነበር የሸሸው፤ አሁን ሰማው፤ ሰምቶም እዚያው ቆሞ ነበር። እትዬ ኤሊ ቀና ብላ አየችው።

"ቆላኸው?" አለች።

"አዎ፣ እትዬ።"

"አጥር ለአጥር ሆነን፣ እኔም ጦሜን እያደርኩ፣ ቅመሽ እንኳ አላልከኝም።" ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ጃርት ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰበት።

ዋርካው ፈረደ። የዋሷ እግር ተፈታ፤ ጠፍሩ በጃርት እግር ተቋጠረ። ቋጠሮውን ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም አይፈታውም፤ ቁራኛውን የጎዳ ደግሞ ገንዘቡንም አገሩንም ያጣል አለ ዋርካው። ጃርት ይህን የመጨረሻውን አልሰማም። እሱ የሚሰማው የአያ ጅቦን ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከጆሮው ሥር።

አብረው ሄዱ። ጃርት አሁን ይበላኛል፣ እዚያ ቁጥቋጦ ጋ ሲደርስ ይበላኛል፣ ከቤቱ ሲገባ ይበላኛል እያለ ሄደ። አልበላውም። ጃርት፣ ይብላኝና ይለይልኝ እስኪል ደረሰ።

አያ ጅቦ ራበውና አደን ወጣ። ጃርትም የግዱን ተከተለ። ሚዳቋ አዩ፤ አያ ጅቦ አደባ፤ የጃርት እሾህ ሽክሽክ አለ፤ ሚዳቋዋ በረረች። ጥንቸል አዩ፤ ሽክሽክ አለ፤ ጥንቸሏ ጠፋች። በሦስተኛው ቆቅ ገና ሳያዩዋት በረረች። አያ ጅቦ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ "አትንሿሿብኝ" አለ።

"ወድጄ አይደለም፣ አያ ጅቦ።"

"ምንድነው የሚያስፈራህ?"

"እርስዎ ነዎት።"

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። "ያን ቀን ደጄ መጥተህ እንደምን አደሩ አልከኝ" አለ። "እንዲያ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ሲያየኝ ይሸሻል፤ ለምጄዋለሁ። አንተ ስትመጣ ግን ይሄስ አይሸሽም ብዬ ነበር። ከዚያ ሽምብራዬን ወሰድክና አንተም እንደ ሁሉም መንገድ ላይ ስታየኝ መዞር ጀመርክ።"

ጃርት አፈረ። በአያ ጅቦ ፊት ከፍርሃት ሌላ ነገር ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር። "በጥር መጥቼ በላሁት ብልዎ ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር?" አለው።

አያ ጅቦ አሰበ። "እንጃ" አለ። "እበላህ ይሆናል። እስቅብህ ይሆናል። አሁን በምን ይታወቃል።"

ሲነጋ ጃርት ወደ ማሳው እንሂድ አለ፤ ሄዱ። ጃርት ቆፈረ፤ አያ ጅቦ በፀሐይ ቆመ። ጃርት ወዲያ ሲል ጠፍሩ አያ ጅቦን ወዲያ ይስበዋል፤ ወዲህ ሲል ወዲህ ይስበዋል። መንገደኛ ቆሞ ያያቸዋል። ሌሊት ጎን ለጎን ሲተኙ አንዱ በተገላበጠ ቁጥር እሾሁ ሌላውን ይወጋዋል። እንደዚህ እያሉ ሰነበቱ፤ የአያ ጅቦ ጎድን አጥንት እየታየ መጣ። ቁራኛ የሚይዘው ባለ ዕዳውን ብቻ የሚመስለው ካለ ያን ጊዜ አያ ጅቦን መጥቶ ባየው።

በመጨረሻ አያ ጅቦ፣ "ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?" አለ።

ጃርት መቆፈሪያውን አስቀመጠ። ማሳውን አየ፤ ጉልበቱን መዘነ፤ ከሁለቱ የሚወጣውን አሰበ። "በየመኸሩ ግማሽ ስልቻ እችላለሁ" አለ። "ከዚያ በላይ ብልዎ እዋሻለሁ። ደግሞ መጀመሪያ ዘር ያስፈልገኛል፤ ለእሱም ሥር ቆፍሬ እለውጣለሁ።"

"ይህንን በጥር መጥተህ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"በጥር ስሌቱ አልጠፋኝም፤ ፊትዎን ማየት ነበር ያቃተኝ።"

ተያይዘው ወደ ዋርካው ሄዱ። ተስማምተናል፣ ፍታን አሉት። ዋርካው ሁለቱንም ሰማና፣ ቋጠሮው ሲፈታ አዲስ ዋስ ያስፈልጋል አለ። ባለ ዕዳው አንዴ የጠፋ ነውና ያለ ዋስ አልፈታም አላቸው።

ጃርት ሕዝቡን አየ። ያየው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ዘር ለበላ ማን ዋስ ይሆናል? ወደ እትዬ ኤሊ ዞረ። እሷም ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "ጃርቴ፣ አልጣላህም፤ ግን አንዴ ዋስ ሆንኩህ፣ በቃኝ" አለች። እውነቷን ነው። ጃርትም አልፈረደባትም። አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ቁራኛው ሊመለስ እግሩን አነሣ።

ጠፍሩ ግን አልተከተለውም። አያ ጅቦ ካለበት አልተነቃነቀም ነበር።

"እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አለ አያ ጅቦ።

ሕዝቡ ሳቀ። አበዳሪ ለገዛ ባለ ዕዳው ዋስ ሲሆን ማን አይቶ ያውቃል? ዋርካውም ቅጠሉን አንሿሽቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዘመኔ አላየሁም፤ ቢጠፋብህ ማንን ትጠይቃለህ አለው።

"ማንንም አልጠይቅም። አይጠፋም" አለ አያ ጅቦ። "ዘር በላሁ ብሎ በአገር ፊት የተናገረ፣ ከዚህ ወዲያ የሚደብቀው ምን ቀረው?"

ዋርካውም ፍቷቸው አለ፤ ተፈቱ።

ጃርት በዚያው ክረምት የሸምበቆዋን ደለል ቆፈረላት። ለፍልፈልም የሥሩን ግማሽ ወስዶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አኖረና ውጣ፣ እኔ እኮ ወጣሁ ብሎ ጠራው። ፍልፈል ግን ከውስጥ ሆኖ፣ የሚጠራኝ ማን ነው፣ የለም በሉት አለ፤ አልወጣም።

መኸር ሲደርስ ጃርት የመጀመሪያውን ግማሽ ስልቻ ተሸክሞ አደረሰ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በረዶ መታ፤ ይህኛው እውነተኛ በረዶ ነው፤ ግማሹም አልሞላለት አለ። ጃርት የጎደለውን ስልቻ ይዞ መንገድ ላይ ሳለ አያ ጅቦ ከወዲያ ሲመጣ አየው። እሾሁ ቆመ፤ ሽክሽክ አለ። መንገዱ በቀኝም በግራም ገላጣ ነበር፤ መዞር ይቻላል። ጃርት አልዞረም። እየተንሿሿ ሄዶ ሄዶ ፊቱ ቆመና፣ "አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ? ዘንድሮ ጎድሎብኛል" አለው።

ዕዳው ገና አላለቀም ነበር። ሽሽቱ ግን አልቋል።

ዕዳ ሲሸሹት ይሮጣል፣ ሲቆሙለት ይቀመጣል። ተረቴን አበድሬያችኋለሁ፤ የቻለ ዛሬውኑ በሌላ ተረት ይመልስ፤ ያልቻለ መጥቶ አልቻልኩም ይበለኝ።